ግድግዳ በሌለው ቤታችን ስለቆመው የወንፊት በር

ለክብርት ላንጊማይና፣
የማታሌሉ መንደር የሴቶች ኮሚቴ ሰብሳቢና የቤቶች ንጽሕና ተቆጣጣሪ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ጉልበትዎና ወገብዎ፣ በተለይም ከምሰሶ ጀርባ የተደበቀ አቧራ የማያመልጠው ዓይንዎ ደህና ይሆን ዘንድ መላው ቤተሰባችን በየምሽቱ ጸሎት ላይ ያስብዎታል። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ቢምቢዎቹም ደህና ናቸው፤ የከበረ ሰላምታ አቅርበዋል።

ይህን ደብዳቤ ሱቁ ላይ የለጠፍኩት እርስዎን ለማሳፈር እንዳይመስልብኝ። በመንደራችን ደብዳቤ የሚለጠፍበት ግድግዳ ያላቸው ቤተ ክርስቲያኑና ሱቁ ብቻ ናቸው፤ ፓስተራችን ደግሞ እርስዎን ይፈራሉ።

ባለፈው ሰኞ ኮሚቴው ከዋና ከተማ የተላከለትን ቅጽ ይዞ ቤታችንን ስለጎበኘልን ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ቅጹ «በወንፊት ሽቦ የተሸፈነ በር አለ ወይስ የለም?» ሲል ይጠይቃል። ቤታችን ግን፣ እርስዎም ተወልደው እንዳደጉበት ዓይነት ቤት፣ አሥራ አራት ምሰሶና አንድ ክዳን ነው፤ ግድግዳ ስለሌለው በርም ኖሮት አያውቅም። እርስዎ «የለም» የሚለው ላይ ምልክት አድርገው፣ እስከ ቅዳሜ በር ካልተገጠመ ቤቱን ዙሪያውን በወንፊት ሽቦ እንደሚያስከብቡት አስታወቁን።

ትእዛዝ ነውና ባለቤቴ ቶማሲ በር ሠራ። በሁለት ምሰሶዎች መካከል ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ ማጠፊያ አለው፣ መቀርቀሪያ አለው፣ ወንፊቱም ትንኝ አያሳልፍም። ግራና ቀኙ ወለል ብሎ ክፍት ነው። ቅጽዎን አስተካክለው እንዲመልሱልን እየጠበቅን ሳለ የገጠሙንን ጥቃቅን ነገሮች እንደሚከተለው በትህትና አቀርባለሁ።

፩. ቢምቢዎቹ ቅጹን ስላላነበቡ በጎን መግባታቸውን አላቆሙም። ኮሚቴው ስብሰባ ጠርቶ ቢያስረዳቸው መልካም ነው።

፪. እንግዶቻችን ግን ጨዋ ሰዎች ስለሆኑ ቤቱን ዞረው መጥተው በሩን ይከፍታሉ፣ ገብተው መልሰው ይዘጋሉ። ፓስተራችን ማክሰኞ ዕለት በተቀመጠ ሰው ፊት እንደሚያልፍ ሰው ለበሩ ጎንበስ ብለው «ይቅርታ» ብለውታል። እኔ ሳቄን ለመዋጥ ስል ምንጣፉን ነክሻለሁ። አማቴ እማማ ሌአታ ልጃቸውን ጠርተው፣ «ቶማሲ፣ ይሄ በር ማንን ነው የሚያስገባው?» አሉት። «እንግዳ ነዋ፣ እማዬ።» «እንግዳማ ድሮም ይገባ ነበር! ቢምቢውስ?» «እሱማ ዞሮ ይገባል።» «እንግዲያው ከእንግዳው ቢምቢው ይበልጣል በለኛ!»

፫. ትንኝን የምንንቅ ሰዎች አይደለንም። ባለፈው ዝናብ ወቅት እኔ ራሴ አሥር ቀን በትኩሳት ተኝቻለሁ። ስለዚህ ጨለም ሲል ከኮኮናት ቅጠል የተጎነጎኑትን መጋረጃዎች እናወርዳለን፣ የኮኮናት ቅርፊት እናጨሳለን፣ ውሃ ያቆረውን ሁሉ እንደፋለን፣ ሁላችንም በአጎበር ውስጥ እንተኛለን። ቅጹ ስለ እነዚህ አንዳች አልጠየቀም፤ ስለ በር እንጂ።

፬. አሁን ቀልዱን ላቁም። እማማ ሌአታ መራመድ ካቆሙ ሦስት ዓመታቸው ነው። ዓይናቸውም ደክሟል፤ በወንፊት ውስጥ የሰው ፊት አይለዩም። ሥራቸው ጠዋትና አመሻሽ ላይ መንገድ ዳር ባለው ምሰሶ ሥር ተቀምጠው የሚያልፈውን ሁሉ በስሙ እየጠሩ «ና ግባ፣ ብላ!» ማለት ነው። ሽቦው ከከበባቸው ጥላ ሲያልፍ ያያሉ እንጂ የሚጠሩት ሰው አይኖራቸውም። እኔ ትንኝ ከምፈራው በላይ ይህን እፈራለሁ፤ ለእርስዎም ሳልደብቅ እነግርዎታለሁ።

ለቅጽ ያለዎትን ፍቅር ከልብ የማደንቅ፣ ለሚቀጥለው ጉብኝትዎ ምንጣፍ አንጥፌ የምጠብቅ፣ በሩንም በየቀኑ በዘይት የምወለውል ታዛዥዎ፣
ሳለፋይ፣ ከአሥራ አራቱ ምሰሶዎች ሥር

ማሳሰቢያ፦ ትናንት ሲመሻሽ እርስዎ ከቁጥጥር ደክመው ሲመለሱ እማማ ሌአታ ፊትዎን ለይተው፣ «ላንጊማይና! ነይ ብይ ልጄ፣ ጎደሬው በስሏል!» ብለው እንደጠሩዎት ያስታውሳሉ። በሩ ሁለት እርምጃ ላይ ቆሞ ሳለ በጎን፣ በሁለት ምሰሶዎች መካከል ሰተት ብለው ነው የገቡት። በኮኮናት ወተት የተሠራው ጎደሬ ስለተስማማዎት ደስ ብሎናል፤ ሁለተኛ ሲጨመርልዎም አልተግደረደሩም። ቅጹ ሳይስተካከል ቀርቶ ቅዳሜ ሽቦው ከተከበበ ግን እማማ ሌአታ የሚያልፈው ማን እንደሆነ ስለማያውቁ፣ እባክዎ ራትዎን እቤትዎ በልተው ይለፉ።