ሳይታጠብ የተቀበረው ሰው

ነሐሴ 3፣ ሰኞ፣ ጠዋት 3፡00

ችሎቱ የክረምት እረፍት ላይ ነው። ተረኛ ዳኛ እኔ ነኝ። ሌሎቹ ሸሽተዋል። ዝናብ። ከወልድያ በኩል መድፉ አላቆመም። የመዝገብ ቤቱ ይማም ትናንት እዚሁ ፍ/ቤት ግቢ ሞተ። መድፍ መታው ተብሎ በዕለቱ ተቀበረ። እኔ ግራና ከተማ ሄጄ ነበር፤ ለቀብሩ አልደረስኩም። አሥራ አራት ዓመት አብረን ሠርተናል።

የሰፈር ጥበቃው አለቃ እንድሪስ ሞባይል ጠጋኙን ካሳዬን አስሮታል። ለመድፈኞቹ በስልክ ጠቁሟል ባይ ነው። ማስረጃው፦ ሱቁ ውስጥ ብዙ ስልክ ተገኘ። ሞባይል ጠጋኝ ሱቅ ውስጥ ምን ሊገኝ ኖሯል፣ ድንች?

ዓርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ "እርምጃ" ይወሰድበታል። ይህን ቃል እጠላዋለሁ። እንገድለዋለን ለማለት የሚፈራ ሰው ቃል ነው።

10፡00

ይማም የወደቀበትን አየሁ። መዝገብ ቤቱ ደጃፍ ነው። ደሙን ዝናብ ወስዶታል። ጉድጓድ የለም። ግድግዳው አልተጫረም። ሁለት እርምጃ ራቅ ብሎ ያለው መስኮት መስታወቱ ሙሉ ነው። እስቲ ንገረኝ ደብተሬ፣ ሰው ገድሎ መስታወት የሚምር መድፍ ታውቃለህ?

ነሐሴ 4፣ ማክሰኞ

ሬሳውን ማን እንዳጠበ ልጠይቅ መስጊድ ሸህ ዑመር ዘንድ ሄድኩ። ያጠበው የለም! ሸሂድ ነው ተብሏል፤ በጦርነት የተገደለ ከነደሙ፣ ከነልብሱ ይቀበራል። ሸሁ አመንትተው ነበር። እንድሪስ ግን የይማም አክስት ልጅ ነው፤ ክብሩን ልትነፍጉት ነው ብሎ ጮኸ። ሸሁም ማሳጠቡን ተዉት። ቁስሉን ያየ አንድም ሰው የለም።

ተናደድኩ። ሽማግሌ ላይ ድምፄን ከፍ አደረግኩ። አፍሬአለሁ።

"አንቱ እኮ ሬሳም ቢሆን ቃሉን ካልሰጠ አያምኑም" ብለው ሳቁ። ከዚያ ሳቃቸው ቆመ። ለሸሂድም ቢሆን ጫማው፣ ቀበቶውና ጃኬቱ ይወልቃል አሉኝ። ጃኬቱ ለሚስቱ ተሰጥቷል።

ነሐሴ 5፣ ረቡዕ፣ 5፡00

ይማም ቤት ለቅሶ ደረስኩ። ሚስቱ ዘይነባ ጃኬቱን ከሣጥን አወጣችው። አላጠበችውም። ጀርባው ላይ አንድ ክብ ቀዳዳ፣ የጣት ጫፍ የምታክል። ዳርዋ ተለብልቧል። ሌላ ምንም የለም። በሃያ ስድስት ዓመት ስንት የአስከሬን ምርመራ ውጤት አንብቤአለሁ። ከቅርብ የተተኮሰ ሽጉጥ ነው።

ማንን ትጠረጥሪያለሽ አላልኳትም። ራሷ ነገረችኝ፦ ቅዳሜ እንድሪስ መጥቶ የመዝገብ ቤቱን ቁልፍ ጠየቀ፤ ይማም ከለከለው። ጃኬቱን ሸሁ ዘንድ አኖርኩ። ወደ ፍ/ቤት ተመልሼ መደርደሪያውን ፈተሽኩ። እንድሪስ የተከሰሰበት የአካል ጉዳት መዝገብ የለም። ለጥቅምት የቀጠርኩት እኔው ነኝ።

11፡00

እንድሪስ መንገድ ላይ አስቆመኝ። ከኋላው ሁለት ባለ ጠመንጃ።

"ክቡር ዳኛ፣ ችሎትዎ ተዘግቷል። አርፈው ፍልሰታዎን ይጹሙ" አለኝ።

እየሳቀ ኮሌታዬን አስተካከለልኝ። እጁ አንገቴ ላይ ቆየ። ከዘይነባ ቤት ስወጣ ታይቻለሁ።

ነሐሴ 6፣ ሐሙስ፣ 8፡00

ካሳዬ ይፈታ የሚል ትእዛዝ ጻፍኩ። ቀደድኩት። የሚፈጽም ፖሊስ የለም። ደግሞም ራሱ ማስረጃ ሲለቅም የሰነበተ ዳኛ በዚያ ጉዳይ አይቀመጥም። ሕግ ነው። መድፍ ቢቀርብም ሕግ ነው።

ሸሁ ነገ ሕዝቡ ሳይበተን መስጊዱ በር ላይ እንድናገር ፈቀዱ። ዘይነባ ሐዘን ላይ ስለሆነች ከቤት አትወጣም፤ ጃኬቱን እሳቸው ያሳያሉ። እንድሪስ ፊተኛው ረድፍ ላይ ነው የሚሰግደው። መኪና ሳይጠፋ ወደ ደሴ ይሂዱ አሉኝ ደግሞ። ካሳዬስ? አልኳቸው።

አልሄድም። በዚህ ጉዳይ ራሴን ከዳኝነት አንስቻለሁ። ምስክር ነኝ። ነገ ካላስጨረሱኝ ቃሌ እዚህ ይኑር።

ዕድሜ 56። አድራሻ መርሳ። ከሟችም ከታሳሪውም ጋር ዝምድና የለኝም። በዓይኔ ያየሁትን እናገራለሁ። ያየሁት፦ ያልተጫረ ግድግዳ፣ ሙሉ መስታወት፣ ጀርባው ላይ አንድ የተለበለበ ቀዳዳ ያለው ጃኬት።