ጨዋታችሁ በሊኑክስ ሳይንተባተብ መሄዱን ስለማሳወቅ

ለተከበሩ የ«ጨው በር» የኢንተርኔት ጨዋታ የፍትሐዊ ጨዋታ ክፍል የቀድሞ ኃላፊ፤

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሞ ጤናዎ እንደምን ነው? እንቅልፍ ይወስድዎታል? የምግብ ፍላጎትዎስ እንደ ድሮው ነው? ሰሞኑን የደረሰብዎን ሁሉ ስለማውቅ፣ እንዲያውም ካደረሱብዎ ሰዎች አንዷ እኔ ስለሆንኩ፣ ስለ ደኅንነትዎ መጠየቅ ከማንም በላይ የእኔ ግዴታ ሆኖ ተሰምቶኛል።

እኔ በጨዋታችሁ ውስጥ «ክራንቻ» በሚል ስም የምታወቀው ጦረኛ ነኝ። ከጨዋታው ውጭ ሰው ሠራሽ ጥርስ እሠራለሁ፤ ቀኑን ሙሉ ከሰምና ከትንንሽ ሞረድ ጋር ስታገል ውዬ፣ ቤቴ ስገባ ሰይፍ አነሳለሁ። ይህን ደብዳቤ በአደባባይ መጻፌ፣ እርስዎም ስሜን በአደባባይ ስላነሡልኝ፣ ውለታዎ እኔ ዘንድ ተኝቶ እንዳይቀር ብዬ ነው። እንደ ደንቡ ቅሬታዎቼን በቁጥር አስቀምጣለሁ።

አንደኛ፤ ኮምፒውተሬ አርጅቷል። የነበረው ሲስተም አዲስ እትሙ ሲወጣ «ይህ ማሽን አይመጥነኝም» ብሎ ሲጸየፈው፣ ሊኑክስ የሚባለውን፣ ማንም ሰው በነፃ ሊጭነው የሚችለውን ሲስተም ጫንኩበትና ማሽኑ ነፍስ ዘራ። ጨዋታችሁ ግን ለሌላ ሲስተም የተሠራ ስለሆነ፣ በመካከል ቆሞ የሚያስተረጉምለት ፕሮግራም ያስፈልገዋል። መጀመሪያ ላይ፣ ልዋሽዎ አልፈልግም፣ ያሳዝን ነበር። ጦረኛዬ አንድ እግሯን አንሥታ ሌላውን እስክታስከትል ሻይ ይፈላል፤ ጠላት ገድሎኝ ዞር ካለ በኋላ የሰይፉ ድምፅ ይደርሰኛል፤ በረዶው ነጭ መሆኑ ቀርቶ ጥቁር ጥቁር ጡብ ሆኖ ይዘንባል። በታላቅ ትሕትና ለክፍልዎ አመለከትኩ። ኮምፒውተሬን አጥፍቼ እንዳበራ ተመከርኩ። አጠፋሁ፣ አበራሁ፣ ደግሜ አመለከትኩ፤ ያው ምክር «ውድ ደንበኛችን» ተጨምሮበት መጣልኝ። ለሦስተኛ ጊዜ ስጽፍ እርስዎ ራስዎ ፈርመው መለሱልኝ፦ «ቁርጥራጭ ለሚቀጣጥሉ ሰዎች አገልግሎት አንሰጥም። እንደ ሰው ደህና ማሽን ይግዙ።» ኃላፊ ሆነው ሳለ ጊዜዎን ሠውተው በእጅዎ ስለሰደቡኝ እጅግ አመሰግናለሁ።

ሁለተኛ፤ እርስዎ ባይተዉኝ ኖሮ ሰው አላውቅም ነበር። ሊኑክስ ተጠቃሚዎች በሚጨዋወቱበት ድረ ገጽ ላይ፣ እንደ እኔው በር የተዘጋባቸው ሰዎች አገኘሁ። አንዲት ጡረታ የወጣች መምህርት ምስል ለሚሥለው ግራፊክስ ካርዴ የሚስማማውን ድራይቨር፣ ማለትም ካርዱን የሚነዳውን ፕሮግራም፣ ጠቆመችኝ። አንድ የባቡር ጥገና ሠራተኛ አስተርጓሚውን ፕሮግራም እንዴት እንደማድስ አሳየኝ። ጨዋታው በየመንገዱ የሚንተባተበው ግን ምስሎቹን እኔ እየሮጥኩ እሱ እያዘጋጀ ስለሆነ ነበርና፣ ከመነሻው አስቀድሞ እንዲያዘጋጃቸው ማድረግን የተማርኩት ከአንድ ዳቦ ጋጋሪ ነው፤ «አንቺ እኮ ደንበኛ ተሰልፎ ነው ሊጥ የምታቦኪው!» ብሎ ሳቀብኝ። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጦረኛዬ ከኮረብታው ላይ እየሮጠች ስትወርድ፣ ሣሩ ሲተኛላት፣ ኮቴዋ ከእግሯ እኩል ሲሰማ፣ ብቻዬን ክፍሌ ውስጥ ቆሜ አጨበጨብኩ።

ሦስተኛ፤ እዚህ ላይ ትዕግሥትዎን እለምናለሁ፤ የቀረው ሁሉ አንድ ጉዳይ ስለሆነ ቁጥሩንም እተወዋለሁ።

አንዲት ታላቅ እህት አለችኝ፤ መኪና መንዳት ታስተምራለች። እናታችን ስታርፍ በቤቷ ጉዳይ ተጣላንና፣ መንገድ ላይ ብንተላለፍ እንኳ ሰላም የማንባባል ሰዎች ሆንን። ሊያስታርቀን ሞክሮ የደከመው የአክስታችን ልጅ ነው ለሁለታችንም ሳይነግር ጨዋታችሁ ውስጥ አንድ ቡድን ያስገባን። እሷ እዚያ «ፍሬን» ትባላለች። ከስሟና ከአጻጻፏ ማን እንደሆነች በመጀመሪያው ቀን ገባኝ፤ እሷም ገብቷታል። ሁለታችንም እንዳላወቀ ሰው ሆነን ጎን ለጎን ስንዋጋ ኖርን። ወሬያችን «በግራ መጡብሽ» እና «መድኃኒት አቀብዪኝ» ከሚል አያልፍም ነበር። ለእርስዎ ይህ ወሬ ላይመስልዎት ይችላል፤ እኛ ግን ሌላ አልነበረንም።

አንድ ቀን ግንቡን ለመከላከል ተሰልፈን ጠላት ስንጠብቅ፣ እህቴ ድንገት «ጉልበትሽ ተሻለሽ?» ብላ ጻፈችልኝ። የጦረኛዬን ጉልበት አልነበረም የጠየቀችኝ፤ የእኔኑ፣ ደረጃ ላይ ወድቄ የተጎዳሁትን ጉልበቴን ነው። ከማን እንደሰማች አላውቅም። «ተሻ» እስከሚለው ድረስ ጽፌ ነበር። በዚያች ቅጽበት የክፍልዎ አጭበርባሪ አዳኝ ፕሮግራም የሊኑክሱን አስተርጓሚ ማጭበርበሪያ ነው ብሎ ከጨዋታው ወረወረኝ። ይህም አንሶ በጨዋታው ከተማ አደባባይ፣ ሁሉም በሚያልፍበት ሰሌዳ ላይ፣ «ክራንቻ በማጭበርበር ተባራለች» ተብሎ በቀይ ተጻፈ።

ይግባኝ አልኩ። የእርስዎ መልስ «ውሳኔው የመጨረሻ ነው» የሚል ነበር። ከጥቂት ቀናት በኋላ ፕሮግራሙ ንጹሐንን እያባረረ መሆኑን ደርሳችሁበት በጸጥታ አነሣችሁት፤ የሊኑክስ ተጫዋቾችም እንደ ልባቸው መግባት ጀመሩ። የእኔን ስም ግን ከሰሌዳው ለማንሣት እጅዎ ከበደዎ።

ስለዚህ ያንን ገና በቅጡ ያልዳነ ጉልበት እየጎተትኩ እህቴ ያለችበት ፎቅ ድረስ ወጣሁ። በሩን ከፍታ ከላይ እስከ ታች አየችኝ።

«አጭበርብረሽ ነው?»

«አይደለም፣ እትዬ።»

«ታዲያ ስጠይቅሽ ለምን ጥለሽኝ ሄድሽ?»

«ጥዬሽ አልሄድኩም። አባረውኝ ነው።»

«ማነው ያባረረሽ?»

የእርስዎን ስም ነገርኳት። ክንዴን ይዛ አስገባችኝና ወንበር ሳበችልኝ። «ቁጭ በይ፣ እግርሽን ዘርጊ። ይሄን ሰውዬማ ልክ እናስገባዋለን» አለች። የእናታችንን ቤት ነገር ያን ቀን አላነሣነውም፤ በኋላ አነሣነው፣ ጮህን፣ ተላቀስን፣ ጨረስነው። ክቡር ሆይ፣ እርስዎ ባያባርሩኝ ኖሮ ያንን ደረጃ አልወጣም ነበር። ይህኛው ምስጋናዬ ከልብ ነው፤ ይቅርታ ግን አልተጨመረበትም።

የሆነውን እርስዎ ያውቁታል፤ ያላዩት እንዲሰሙት ግን ልድገመው። በጨዋታው የምሥረታ በዓል ላይ አለቆቹ ሁሉ ወደ ጨዋታው ገብተው ተጫዋቾችን ይጎበኛሉ። እርስዎም «የማይደፈር» በሚለው ስምዎ፣ ማንም ተጫዋች ሊያገኘው የማይችለውን የወርቅ ጥሩር ለብሰው ወደ ሜዳው ብቅ አሉና፣ ሕዝብ በቀጥታ ስርጭት እያየዎ «ወንድ የሆነ ይውጣ!» ብለው ጻፉ። የወጣችው እህቴ ናት። የተቀመጠችው የእኔ ክፍል ውስጥ፣ በእኔው አሮጌ ኮምፒውተር፣ በሊኑክስ ላይ ነበር። እኔ ከኋላዋ ቆሜ ጥፍሬን እበላለሁ፤ እሷ ግን ለጀማሪ ሹፌር እንደምትናገረው ረጋ ብላ «ና... ና... መስታወትህን እይ... አሁን ታጠፍ» እያለች ከእርስዎ ጋር ትጫወታለች። በተቆጡ ቁጥር ይሮጣሉ፤ በሮጡ ቁጥር ዞር ትልልዎታለች። በመጨረሻ ያ ሁሉ ወርቅ ጭቃ ውስጥ ተዘረረ። ማሽኔ በዚያ ሁሉ ግርግር ውስጥ አንድ ጊዜ እንኳ አልተንተባተበም።

እህቴ ለሕዝቡ እጅ ነሥታ «ይህ ሁሉ የሄደው በሊኑክስ፣ እናንተ ባባረራችኋት በእህቴ ኮምፒውተር ነው» ብላ ጻፈች። እርስዎ በዚያች ሰዓት ዝም ቢሉ ኖሮ እኮ እኛ ስቀን ወደ ቤታችን እንገባ ነበር። አላሉም። ሺህ ዓይን እያየዎ፣ ከጭቃው ሳይነሡ፣ በራስዎ ሥልጣን «ፍሬን በማጭበርበር ተባራለች» ብለው ሰሌዳው ላይ ለጠፉ። እኔ ለወራት ደብዳቤ ስጽፍ ማስረዳት ያቃተኝን እርስዎ በአንድ መስመር አስረዱልኝ።

ቡድናችን መሣሪያውን አደባባዩ ላይ ጥሎ ወጣ። ሌሎችም ቡድኖች እየተከተሉ ጣሉ፤ ሲመሽ አደባባዩ ላይ የብረት ክምር ብቻ ቀረ። በማግስቱ አለቆችዎ ማስረጃ አምጣ ሲሉዎ ያቀረቡት ነገር እንዳልነበረ ከኩባንያችሁ መግለጫ አንብበናል። የሁለታችንም ስም ጸድቆ ይቅርታ ተጠይቀናል፤ ይቅርታው ላይ የእርስዎ ፊርማ ነበረበት፤ ደጋግመን አይተነዋል። ለሊኑክስ ተጠቃሚዎችም አዲስ የእርዳታ ክፍል መከፈቱንና፣ ለጊዜው ብቸኛው ሠራተኛ እርስዎ መሆንዎን በደስታ ሰምተናል። እንኳን ለዚህ አበቃዎ።

ወንበርዎ እንዲመችዎ፣ ዓይንዎ እንዳይደክም፣ የሚጽፉልዎ ሰዎች እንዳይጎድሉብዎ እየተመኘሁ፣ ከማይለወጥ አክብሮት ጋር፣

«ክራንቻ»
ጥርስ ሠሪ፤ ስሟ የጸዳ፣ ቂሟ ያልጸዳ

ማሳሰቢያ፦ እህቴ ትናንት በራሷ ኮምፒውተር ላይ ሊኑክስ ጭናለች። እስካሁን ድምፅ የለውም፤ ስክሪኑም ተገልብጧል። እኔ ላስተካክልላት እችል ነበር፤ ነገር ግን የእርስዎን ሥራ መሻማት ነውር መስሎ ስለተሰማኝ አድራሻዎን ሰጥቻታለሁ። ብርቱ አስተማሪ ናት፤ ሰው ሲሳሳት አትቆጣም፣ ከቀበቶ ማሰር ጀምሮ እንደ አዲስ ታስደግማለች እንጂ። እስካሁን ከእጇ ሳያልፍ የቀረ ተማሪ የለም፤ አንዳንዱ ግን እስኪያልፍ ሸብቷል።