ለእርቅ ያልኩት ይቅርታ

ላስ ቬጋስ፣ መጋቢት 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለመልአከ ሰላም ቀሲስ አሳምነው
የቤተ ክርስቲያናችን አስተዳዳሪ
ላስ ቬጋስ፣ ኔቫዳ

ጉዳዩ፦ የተዘጋው የወጣቶች የታሪክ ትምህርት እንዲከፈትና ለእርቅ ብዬ የጠየቅሁት ይቅርታ ጥፋት እንደማመን ተደርጎ መነገሩ እንዲታረም ስለመጠየቅ

አባታችን፣ ቡራኬዎ ይድረሰኝ። እርስዎ ለአገልግሎት ወደ ሲያትል በሄዱበት ሰሞን የሆነውን ከሰው አፍ ሳይሰሙ አይቀሩም። ከእኔም እንዲሰሙልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።

1. ባለፈው ግንቦት በታሪክ ትምህርት በዲግሪ ተመርቄያለሁ። የሰበካ ጉባኤው ሊቀ መንበር አቶ ግዛቸው «ልጆቹ ሃይስኩል ሲገቡ ከእጃችን እየወጡ ነው፤ አንቺን ይሰሙሻል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ አስተምሪልን» ብለው ራሳቸው ጠየቁኝ። በልጅነቴ ፊደል ያስቆጠሩኝ እሳቸው ናቸው። በደስታ እንቅልፍ አጣሁ፤ የቅዳሜ የሥራ ሺፍቴንም ለጓደኛዬ ሰጠሁ።

2. ልጆቹ ፈተና ስላለባቸው የእንግሊዙን ንጉሥ የቀዳማዊ ቻርልስን ታሪክ እንዳስረዳቸው ጠየቁኝ። «የምጠየቀው በእግዚአብሔር ፊት ብቻ ነው» ባይ እንደነበር፣ ፓርላማውን በትኖ ዐሥራ አንድ ዓመት ብቻውን እንደገዛ፣ ስኮትላንዶችን ባልፈለጉት የጸሎት መጽሐፍ ጸልዩ እንዳላቸው፣ ፒዩሪታን የሚባሉት ፕሮቴስታንቶችም ሥርዓቱ ወደ ካቶሊክ አደላ ብለው እንደተቃወሙት ነገርኳቸው። ትክክል ናቸው አላልኩም። በመካከል ስጦታ የምትባል ተማሪ «እንዴ! ይሄማ ጋሽ ግዛቸው ናቸው! ጠቅላላ ጉባኤ ከተጠራ ስንት ጊዜው?» አለች። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ስቄያለሁ፤ አልዋሽም።

3. በሳምንቱ አቶ ግዛቸው ከቅዳሴ በኋላ ማይክ ይዘው «ለልጆቻችን ጴንጤነት እየተሰበከላቸው ስለሆነ ትምህርቱ ተዘግቷል» አሉ። እናቴ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ስባ ወጣች። ደጋግሜ ብደውልላቸው አላነሱልኝም።

4. ከዚያ ሽማግሌ ገባ። አቶ ባዘዘው እኛ ሰፈር ማውንተንስ ኤጅ ድረስ ቤታችን መጥተው «አንቺ ልጅ ነሽ፤ ጥፋት ባይኖርብሽም ጉልበታቸውን ሳሚ። በሽምግልና የተባለ እዚያው ይቀራል፣ ክፍልሽም ይከፈታል» አሉኝ። እዚህ አሜሪካ አብረውኝ የተማሩት ቢሰሙ «ያላጠፋሽውን ለምን?» ባሉኝ ነበር። እኔ ግን ትልቅን ሰው ይቅርታ መጠየቅ ጥፋትን ማመን እንዳልሆነ ያወቅሁት እዚሁ ቤተ ክርስቲያን አድጌ ነው። እሺ ስላልኩ አቶ ባዘዘው ይዘዋቸው መጡ፤ አቶ ግዛቸውም ሳሎናችን ተቀምጠው፣ በአባቴ ፊት፣ «እሺ፣ ይከፈታል» አሉ። ጉልበታቸውን ሳምኩ። ግንባሬን ስመው መረቁኝ። አብረን ራት በላን።

5. እሑድ በዚያው ማይክ «ቤቴል በሽማግሌ ፊት ጥፋቷን አምና ይቅርታ ጠይቃለች፤ ስለዚህ ትምህርቱ በዚሁ ይቆማል» አሉ። የፓርላማውን አቤቱታ ተቀብያለሁ ብሎ በዓመቱ ቃሉን ያጠፈውን ንጉሥ ለልጆቹ ሳስተምር፣ ነገሩ እንዲህ እንደሚያም አላውቅም ነበር። አቶ ባዘዘው ፊት ለፊት ተቀምጠው ነበር፤ ቀና ብለው አላዩኝም። በኋላ ፓርኪንግ ላይ ይዤ ስጠይቃቸው «ተይው ልጄ፣ ያልፋል» አሉኝ። አላለፈም። የስጦታ አባት «ከእንግዲህ ልጄን እንዳታናግሪ» የሚል ቴክስት ላኩልኝ። ሰላም ይሉኝ የነበሩ እናቶች አሁን ስልካቸውን ያያሉ።

ስለዚህ በሳሎናችን የተባለውን አቶ ባዘዘውና አቶ ግዛቸው በእርስዎ ፊት እንዲናገሩ፣ እውነቱም በተዋረድኩበት ቦታ ለምእመናን እንዲነገርልኝ እለምናለሁ። ትምህርቱም በተገባልኝ ቃል መሠረት ይከፈት። ያስተማርኩት ከሃይማኖታችን የወጣ ነው ከተባለ፣ እርስዎ ራስዎ ክፍሉ ውስጥ ተቀምጠው ሰምተው ይፍረዱ። ያኔ ተሳስተሻል ቢሉኝ እቀበላለሁ፤ ከልጆቹ ጋር ተቀምጬም እማራለሁ።

ይቅርታዬን መልሱልኝ አልልም። ነገም ትልቅ ሰው ቢቀየመኝ ጉልበት መሳሜ አይቀርም ብዬ ራሴን አጽናናለሁ፤ ግን እርግጠኛ አይደለሁም። በቤቱ የታረቀ ሰው በአደባባይ የሚፈረድበት ከሆነ፣ እዚህ ያደግነው ልጆች ከእንግዲህ ሽማግሌ ሲያንኳኳ በር አንከፍትም። እዚያ ሳንደርስ ይድረሱልን።

ከልጅነት አክብሮትና ከሰላምታ ጋር
(ፊርማ)
ቤቴል ዘውገ