ጨው የሌለበት በርበሬ

አቃቂ፣ ጥር 8 ቀን 1995 ዓ.ም.

ይድረስ ለእህቴ፣ ድሬዳዋ

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናሽ እንዴት ነው? ልጆችሽስ እንዴት ናቸው? የድሬ ሙቀት እንዴት አድርጎሻል? ጉልበቷን ያማታል ሲሉ ሰምቻለሁና ማርያም ትማርሽ። እኛ ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን። እኛ የምለው እኔንና አሻግሬን ነው። እንግዲህ ከመነሻው ልንገርሽ፣ ይህን የምጽፍልሽ የአቃቂዋ ነኝ። ወረቀቱን ቀደሽ ከመጣልሽ በፊት እስከ መጨረሻው አንብቢው፣ ከዚያ ወዲያ እንደ ፍጥርጥርሽ።

እህቴ ማለቴ አይክበድሽ፤ ሌላ ምን ብዬ እንደምጠራሽ ቸግሮኝ ነው። አንቺ ማለቴንም አትቀየሚብኝ፣ በዕድሜ ታላቄ እንደሆንሽ አውቃለሁ። ሃያ ስድስት ዓመት አንድ የባቡር ተቆጣጣሪ ተካፍለን ስንኖር፣ ካንቺ ቤት ሲነሳ ወደ እኔ፣ ከእኔ ሲነሳ ወዳንቺ እየተመላለሰ፣ እኔና አንቺ አንድ ቀን እንኳ ተያይተን አናውቅም። አንቺ የሰማንያ ሚስቱ ነሽ፤ እኔን ሰው ምን ብሎ እንደሚጠራኝ ደግሞ ጆሮ አለኝ፣ እሰማለሁ። አራት ልጅ ወልደሽለታል፣ እኔ አንድም አልወለድኩለትም። ይህን ሁሉ አልክድም። ሙያዬን ግን ማንም አይወስድብኝም! ጨርቃጨርቅ ፋብሪካው በር ላይ አሥራ ስምንት ዓመት ምግብ ቤት ነበረኝ፤ ወጤን ቀምሶ ሳህኑን ሳይጠርግ የወጣ ሠራተኛ የለም። ጉራ አይምሰልሽ። ቢመስልሽም ግድ የለኝም፣ እውነት ነው።

አሁን ወደ ብርቱካኑ ልምጣ። በሰቦቃ እጅ በየሁለት ሳምንቱ የምትልኪው ዘንቢል ይደርሳል። ሰቦቃ እንደምታውቂው ከአሻግሬ ጋር ባቡር ላይ ያረጀ ሰው ነው፣ ነገር አይወድም፤ ከማን እንደተላከ ሳይናገር በሩ ላይ አስቀምጦልኝ ይሄዳል። እኔም ያን ያህል ጅል አይደለሁም። እስቲ ልናዘዝ፦ አሻግሬ ካንቺ ብርቱካን አንድም አልቀመሰም። ለግቢው ልጆች ነው ያደልኩት። ቅናት ነው፣ ሌላ ስም የለውም። በኋላ የአሻግሬ ሐኪም፣ ብርቱካንና ሙዝ ኩላሊቱ ለደከመ ሰው መርዝ ናቸው፣ ልብ እስከማቆም ይደርሳሉ ብትለኝ፣ ወይ ጉድ፣ ቅናቴ አዳነው ማለት ነው ብዬ ብቻዬን ሳቅሁ። የታመመ ሰው ሲጠየቅ ብርቱካንና ሙዝ ተይዞ ነው የሚገባው፣ አንቺም በደግነትሽ ነው፤ ሁላችንም በደግነታችን ልንገድለው ነበር።

ስኳሩን ታውቂዋለሽ፣ አንቺ ቤት እያለ ነው የጀመረው። ጡረታ ወጥቶ፣ ሕክምናው ከዚህ ይቀርበዋል ተብሎ እኔ ዘንድ ከተቀመጠ ሦስት ዓመት ሆነው። ኩላሊቱ መድከሙን የሰማነው ግን ባለፈው ሰኔ ነው። እግሩ አብጦ ጫማ አልገባ አለው። ሐኪሟ ልጅ እግር ናት፣ ትዕግሥት ግን አላት፤ ቁጭ አድርጋ ዘረዘረችልኝ። ስኳርና ማር የለም። ጨው የለም። ሥጋ ብዙ የለም፣ ምስርና ሽሮ እንኳ በልክ። ድንች ካማረው ተልጦ፣ ተከትፎ፣ ውሃ ውስጥ ቆይቶ፣ እንደገና በብዙ ውሃ ተቀቅሎ ውሃው ይደፋል። ቲማቲምም ይቅር። የሚጠጣው ውሃ ራሱ በልክ ነው። መሃል ላይ አቋረጥኳትና ታዲያ ምን ይብላ፣ አየር ይብላ? አልኳት። አልተቆጣችም። ጥቅል ጎመን፣ ሽንኩርት፣ ቃሪያ፣ ሩዝ በልኩ፣ የእንቁላል ነጩን፣ ዶሮ ትንሽ ቁራጭ አለችኝ። እሺ ብዬ ወጣሁ፣ ይህ ደግሞ ለእኔ ምን ይከብዳል ብዬ።

ጎመኑን ቀቀልኩ፣ ሩዙን ቀቀልኩ፣ እንቁላሉን ቀቀልኩ። አሻግሬ አንዴ ቀምሶ ገበታውን ገፋው። ይህ ሰው ምግብ ገፍቶ ያውቃል? አንቺ ቤት በልቶ፣ አዋሽ ጣቢያ ላይ በልቶ፣ እኔ ዘንድ ሲደርስ ደግሞ እንዳልበላ ሰው የሚቀርብ አልነበረም? ያኔ ሁለታችንም እንዳንጠረጥረው እንደሚበላ በኋላ ነው የገባኝ፣ እሱን ሌላ ጊዜ እንስቅበታለን። በሦስተኛው ሳምንት ቁርጡን ነገረኝ። ጨው ከሌለበት ዓመት ጨው ያለበት ወር ይሻለኛል አለኝ። ኪሎው አርባ ስምንት ደረሰ፤ ያ ሁሉ ቁመት ይዞ አርባ ስምንት!

ከዚያ ወዲያ የሆነውን ልንገርሽ። አንድ ጠዋት የስኳሩን መርፌ ተወጋ። መርፌውን የተወጋ ሰው ወዲያው መብላት አለበት፣ አለዚያ ስኳሩ ወርዶ ይጥለዋል። ቁርሱን አቀረብኩለት፤ እበላለሁ፣ አንቺ ሥራሽን ሥሪ አለኝ። ስመለስ ምግቡ እንዳለ ነው፣ እሱ ግቢው ውስጥ በግንባሩ ተደፍቷል። ጮኽኩ። ጎረቤቴ ዳሲቱ ሮጣ መጣች፤ ደግፈን አስቀመጥነው፣ ዓይኑን ገለጥ ሲያደርግና መዋጥ ሲችል እሷ ስኳር በጥብጣ አጠጣችው። እዪው እንግዲህ፣ የተከለከለው ስኳር ነው ያነሳው። ያን ዕለት ነገሩ ገባኝ። ይህን ሰው በሽታው ሳይቀድም የእኔ ወጥ ሊገድለው ነው። ስንቱን የፋብሪካ ሠራተኛ ያጠገብኩ ሴት አንድ ሽማግሌ ማብላት አቃተኝ። እንዲህ አፍሬ አላውቅም።

እልህ ያዘኝ። ደግሞ የእግሩ እብጠት አልጎድል አለ። ሐኪሟ ጨው ትጨምሪያለሽ ወይ ብላ ጠየቀችኝ፤ በሚካኤል ምዬ አንዲት ፍሬ አልጨመርኩም አልኳት። አላመነችኝም መሰለኝ። ተቀይሜ ቤቴ ገባሁ፣ ድስት ጣድኩ፣ የበርበሬውን ጣሳ ከፈትኩ፣ ያኔ ክው አልኩ። ለካ ጨዉ እዚያ ነው ያለው! በርበሬ ስናዘጋጅ ጨዉን አብረን ቀላቅለን አይደል ወፍጮ ቤት የምንወስደው? ሽሮውስ? ድስቱ ላይ ከለከልኩ ብዬ ስመጻደቅ፣ ከጣሳው እየዛቅሁ ሳበላው ከርሜአለሁ። ሙያዬ ጉድ ሠራኝ እልሻለሁ። በማግስቱ ሐኪሟ ዘንድ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኋት። በርበሬውን ለዳሲቱ ሰጥቼ አዲስ ዛላ ገዛሁ፣ ቀነጠስኩ፣ በነጭ ሽንኩርት፣ በዝንጅብል፣ በበሶብላና በኮረሪማ አዘጋጀሁት። የወፍጮ ቤቱ ሰው ጨው ረስተሻል አለኝ። አልረሳሁም፣ ፍጭ አልኩት። በሁለት ሳምንት እብጠቱ ጎደለ፣ ጫማውን አደረገ።

ጣዕሙ ግን ገና ነበር። ሽታው ደስ ይላል፣ ምላስ ላይ ሲደርስ ይጠፋል። ጥቅምት ውስጥ አንድ ቀን የሰቦቃ ዘንቢል መጣ። ብርቱካኑን ለልጆቹ ሳድል ከሥሩ በጨርቅ የታሰረ ነገር አገኘሁ፣ ፈታሁት፣ ሎሚ ነው። ያ ቆዳው ስስ፣ ትንሽዬ የድሬ ሎሚ። ሐኪሟ ሎሚ ጠብ ማድረግ አይጎዳውም ብላኝ ነበር፣ እኔ ግን ለሰላጣ እንጂ ለወጥ መች አስቤው! ጥቅል ጎመኑን ቀቅዬ ውሃውን ደፋሁ፣ በሽንኩርት፣ በቃሪያና በበሶብላ አቁላላሁት፣ ሲወርድ ሎሚውን ጨመቅሁበት። አሻግሬ አንድ ጎረሰ። ቆመ። ደገመ። በሩን ይዤ ቆሜ ስቆጥርለት አሥራ አንድ ጉርሻ በላ። ከዚያ ቀና ብሎ ስምሽን ጠራ። ይሄ የእሷ ነው አለኝ፣ በእንጀራው ሳህኑን እየጠረገ።

ተቃጠልኩ፣ ምን እደብቅሻለሁ። ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ። አልቅሼ ስጨርስ ሌላ ሎሚ ቆረጥኩ፣ ምክንያቱም ይጨመርልኝ ብሎ ነበር።

ከዚያ ወዲያማ ማን ይቻለኝ! የእንቁላል ነጩን በቃሪያና በቀይ ሽንኩርት ጠበስኩለት። ሩዙን በኮረሪማና በነጭ ሽንኩርት አሸተትኩለት። ድንቹን እንደታዘዘው ሁለቴ በውሃ አሳልፌ በዚያ በርበሬ አልጫ ያልሆነ ድንች አደረግሁለት። ታኅሣሥ ላይ ሲመዘን አምሳ አምስት ኪሎ ገባ። ሐኪሟ የደሙን ምርመራ ወረቀት ይዛ፣ ኩላሊቱ አልዳነም ግን መውደቁን አቁሟል አለችኝ፤ ምን አድርገሽ ነው ብላም ጠየቀችኝ። ነገርኳት። በሳምንቱ አስጠራችኝ፤ ብሄድ ሰባት ሴቶች ተቀምጠዋል፣ የሰባት ሕሙማን ሚስቶችና እናቶች። አስተምሪልኝ አለችኝ። እኔን! አራተኛ ክፍል ያቋረጥኩትን! ቆሜ አስተማርኩ። በርበሬያችሁን ፈትሹ፣ ሽሮአችሁን ፈትሹ፣ እያንዳንዳችሁ ደግሞ የራሳችሁን ሐኪም ጠይቁ፣ የአንዱ ልክ ለሌላው አይሆንም አልኳቸው። አንዷ ጉልበቴን ልትስም ጎንበስ አለች። በዕድሜዬ እንደዚያን ቀን ቀና ብዬ ሄጄ አላውቅም።

ከዚህ በኋላ ነው የልጅሽ የፀሐይቱ የሰርግ መጥሪያ የመጣው። ለእኔ አላሳየኝም፤ ፍራሽ ሳገላብጥ ነው ያገኘሁት። አትሄድም ወይ አልኩት። አልሄድም አለኝ። አባት በልጁ ሰርግ ገበታ ፊት እጁን ሰብስቦ ሲቀመጥ፣ ሊያጎርሰው የመጣውን ሁሉ እንቢ ሲል፣ ሰው ምን ይላል? እሷስ ምን ይሰማታል? ብሎ ፊቱን አዞረ። እንግዲህ ይህን ሰው ባቡር ላይ አውቀዋለሁ፣ ያለ ቲኬት የገባ ወታደር ሲያወርድ እንኳ ዓይኑን የማይሰብር ሰው ነበር። ቆይ አልኩ በልቤ። በማግስቱ በዚያ ጨው በሌለው በርበሬ ዶሮ ወጥ ሠራሁ፣ እንደ ሰርግ አድርጌ፣ ሎሚ ነክቼበት። ለዳሲቱ ሳልነግራት አቀመስኳት፤ የማን ሰርግ ነው? አለችኝ። ጨው እንደሌለው አላወቀችም። አሻግሬ ትንሿን ቁራጭ ከግማሽ እንጀራ ጋር በላና፣ ሱፍ ልብሴ የት ነው ያለው አለኝ።

ስለዚህ ይመጣል። ከጥምቀት ማግስት በሚነሳው ባቡር ከአቃቂ ጣቢያ እኔው አሳፍረዋለሁ፣ ሰቦቃ አብሮት ነው። አሁን እንደ ጣውንት ሳይሆን እንደ ሙያተኛ ስሚኝ። የእሱን ድስት ለብቻው ጣጂ። በርበሬውን አምስት ኪሎ አስፈጭቼ በሰቦቃ እጅ ልኬልሻለሁ፣ ከሌላው ጋር እንዳታደባልቂው። እንቁላሉን ስታቀርቢለት አስኳሉን አውጪው። መርፌውን ሳህኑ ፊቱ ሳይቀርብ አያንሳ፤ እበላለሁ፣ ሂጂ ቢልሽ እንዳታምኚው፣ ሲውጥ እስክታዪ ከፊቱ አትነሺ። ኪሱ ውስጥ ከረሜላ አለ፣ ላብ ላብ ካለውና ከተንቀጠቀጠ እሱን ስጪው። ዘመድ አዝማድ በየተራ ሊያጎርሰው ሲመጣ አንቺ ከጎኑ ተቀመጪና ከራሱ ሳህን አጎርሺው፤ ሚስቱ ስታጎርሰው ሌላው ያፍራል። በማለዳ ይቆጣል፣ መልስ አትስጪው። ሎሚውን በሚያየው ቦታ አስቀምጪለት፣ ይወዳል።

አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ። ትናንት ሻንጣውን ሳሰናዳለት ከሥር የጡረታ ደብተሩን አገኘሁት፤ በጋዜጣ ጠቅልሎ፣ ካልሲዎቹ መሃል አድርጎት። ሰርጉ ሦስት ቀን ነው። ደብተሩን እንደነበረ መልሼ ጠቀለልኩት፣ ሸሚዞቹን ተኩሼ ከላይ ደረደርኩበት፣ ምንም አላልኩትም። ዛሬ ጠዋት ሐኪሟ ዘንድ ሄጄ፣ እዚያ ድሬ ለሚያየው ሐኪም ወረቀት ጻፊልኝ አልኳት። ለሦስት ቀን ሰርግ ወረቀት አያስፈልገውም አለችኝ። ዝም ብለሽ ጻፊልኝ አልኳት። አየችኝና ጻፈችልኝ፤ ሁለት ገጽ ነው፣ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አጥፌዋለሁ፣ እንዳይጠፋብሽ።

ፀሐይቱን ቤቷን የጥጋብ ያድርግላት፣ ባሏንም አንድ ቤት ብቻ የሚያውቅ ያድርግላት። አንቺንም ጉልበትሽን ያጽናልሽ፣ ምድጃሽን ይባርክልሽ። ስታገኚው መዝኚው፤ አምሳ ስድስት ኪሎ ነው ካቃቂ የተነሳው፣ ግራም እንዳታጎድይበት።

ጣውንትሽ፣ የአቃቂዋ