እትዬ ለተማርያም ስድስቴ የነኩት ቁልፍ

ውድ ኢዮሲያስ፣

«የጻፍኩትን ኮድ ሳታስፈቅጂኝ ለምን ነካሽ? ወደነበረበት መልሺው» ያልከው ደርሶኛል። አልመልሰውም። ሳንታ ሞኒካ ትልቅ ሥራ ይዘህ ከሄድክ ወዲህ እዚህ ፌርፋክስ ሰፈር የሆነውን የነገረህ ያለ አይመስለኝምና ልንገርህ።

የእድሩን ዌብሳይት አብረን ስንሠራ፣ ገጹ እስኪከፈት የምትሽከረከር ትንሽ ክብ እናስገባ ብዬህ ነበር። «ጌጥ ነው፤ መጠበቅ ይልመዱ» አልከኝ። ስለምወድህ ዝም አልኩ። ዛሬም የሚያናድደኝ ያ ዝምታዬ ነው።

ባለፈው ወር ጋሼ ተፈሪ ባለቤታቸው ሞቱባቸው። ለቅሶ ቤት ምግብ የሚያመጣ ሰው እንደተለመደው በዌብሳይቱ ይመዝገብ ተባለ፤ ለመጀመሪያው ቀን ስድስት ቦታ ነበር። እትዬ ለተማርያም «አመጣለሁ» የሚለውን ቁልፍ ነኩ። ገጹ ዝም። ደግመው ነኩ፣ አሁንም ዝም። ስድስቴ ነክተው ስድስቱም ቦታ በእሳቸው ስም ሞላ። ሌላው ሰው «ሞልቷል» የሚለውን እያየ ተወው። ባልድዊን ሂልስ ጋሼ ተፈሪ ቤት ለመጣው ስልሳ ለቀስተኛ የቀረበው የእሳቸው አንድ ድስት ምስር ወጥ ብቻ ነበር።

እትዬ ለተማርያም ጥግ ይዘው ሲያለቅሱ ሰው ሁሉ ለሟች መስሎታል። እኔ አጠገባቸው ነበርኩ። «ልጄ፣ ሐዘንተኞቹን ያዋረድኩት እኔ ነኝ» አሉኝ።

እሑድ በስብሰባው የእድሩ ሰብሳቢ ጋሼ ፍሬው «ሶ፣ ዌብሳይቱን ክሎዝ እናድርገውና በስልክ እንጠራራ። እትዬ ለተማርያምን ደግሞ ሌላ ሰው ይመዝግባቸው፤ ኮምፒውተር አይሆንላቸውም» ሲሉ ብድግ አልኩ። ጥፋቱ የእሳቸው ሳይሆን የሠራነው የሁለታችን ነው አልኩ፤ ስምህንም ጠራሁ። ሳምንት ስጡኝ ብዬ ለመንኳቸው።

አሁን አንዴ ከተነካ ቁልፉ ሁለተኛ አይሠራም። ክቧ ትዞራለች፣ ከሥሯም «መልእክትዎ እየደረሰን ነው፤ እባክዎ ጥቂት ይታገሡን» የሚል ይወጣል። አንተ የጻፍከው ሁሉ «ጠብቅ»፣ «ላክ» ነበር፤ እኔ በአንቱ ጻፍኩት። ትናንት እትዬ ለተማርያም ፊቴ ሞከሩት። አንዴ ነክተው እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ጠበቁ። ዌብሳይቱ አልተዘጋም።

አንተም ምንም ሳትለኝ ነው የሄድከው። አሥራ አንድ ጊዜ ደወልኩልህ፤ «አበዛችው» ብለህ ማውራትህንም ሰምቻለሁ። አላፍርበትም። መልስ ያጣ ሰው ደጋግሞ ይነካል፤ ጥፋቱ ዝም ያለው ሰው ነው።

ይህን ደብዳቤ ግን አንዴ ብቻ ነው የምልከው።

ኮድህን የነካችው፣
ልዩ