ምንም የማይሻው ጓሳ

ሐምሌ ፲፪ ቀን ፲፰፻፸፯፣ ደብረ ብርሃን
ዝናብ። ተማሪዎቼ እንጦጦ ከወጡ ወዲህ ድጓ የሚማር የለም። ሥራ ፈትቼ ለሚስቴ ምስር ልልቀምላት አልሁ። "መሪጌታ፣ ድንጋዩን ትተው ምስሩን ጣሉት እኮ!" ብላ ከማጀት አስወጣችኝ። አመተ ማርያም እውነቷን ነው...

ሐምሌ ፲፬
ወንድሟ ወልደተንሣኤ ከመንዝ መጣ። አንድ እቅፍ የጓሳ ሣር ከነሥሩ ይዞ። ለቤት ክዳን አይበቃም።
"ደጅ ይትከሉት፤ ነፋስ ሲያወዛውዘው ያምራል።"
ሣር ለማማር ብቻ? ተከልሁት። "ከዚያስ?" አልሁት።
"ከዚያማ ምንም። ጓሳ ምንም አይሻም።"
ምንም የማይሻ ፍጥረት አለ?

ሐምሌ ፳
ፍግ አደረግሁለት። ኮተኮትሁት።

ነሐሴ ፫
አዜምሁለት። አመተ ማርያም በበሩ ብቅ ብላ አማተበች።

መስከረም ፳፬
ክረምቱ ወጣ። ጠዋት ማታ አጠጣዋለሁ። አመተ ማርያም እንስራዋን ደበቀች። ጫፉ ቢጫ ሆነ። ጠምቶት ይሆን? ወይስ ጠግቦ?

ኅዳር ፳፪
ውርጭ። ጋቢዬን አልብሼው፣ እኔ ስንቀጠቀጥ አደርሁ። ሲነጋ ጋቢው እንደ ሳንቃ ደርቆ ቆሟል። ጎረቤታችን በሰለች እኔን መስሏት "እንዴት አደሩ?" አለችው።
"ለእኔ አንድ ቀን እንኳ እንዲህ ደርበውልኝ አያውቁም!" አለች አመተ ማርያም። አኮረፈች። እስከ ጥምቀት ካላገገመ ነቅላ ጎመን ልትተክልበት ማለች። ስትምል ደግሞ ታደርገዋለች።

ታኅሣሥ ፮
ቢጨንቀኝ የጠላ አተላ አፈሰስሁለት። በሬ ያደልብ የለ?

ታኅሣሥ ፯
ወይ ጉድ። አተላው የበሰለችን አህያ ጠራ። አተላውን ልሳ፣ ጓሳውንም ጋጠችው። ላባርራት ስሮጥ በገዛ ፍጌ ተንሸራትቼ ወደቅሁ። ቁርጭምጭሚቴ ዞረ። በሰለች እየሮጠች ደረሰች... "ምን ሆነሽ የኔ እናት?" አህያዋን ነው! ወጌሻው አሽቶ አሰረኝና እስከ ጥምቀት ከመደብ እንዳልወርድ ከለከለኝ።

ታኅሣሥ ፳
"ጓሳው እንዴት ነው?" እላታለሁ። "ይተኙ" ትለኛለች። ምሳችን ጎመን ነበር። ከየት አመጣችው?

ታኅሣሥ ፳፩
ዛሬም ጎመን።

ጥር ፲፫
ምርኩዝ ይዤ ወጣሁ። አለ! የተጋጠው ሁሉ አቆጥቁጦ፣ ለምለም ሆኖ፣ ስንዝር አልፏል።
"ማን አጠጣው?"
"ማንም።"
"ጎመኑስ?"
"ከገበያ ነዋ። ምን መስሎዎት ነበር?"
ደጃፍ ተቀመጥሁ። ልኮተኩት ቃጣኝ፤ እጄን ጋቢዬ ውስጥ ከተትሁት። ነፋሱ ያወዛውዘዋል... ለካ ያምራል። ፀሐይዋ ሞቀችኝ፤ አሸለብሁ።
ስነቃ አመተ ማርያም በርከክ ብላ ጓሳውን በሚዶዋ ታበጥራለች።
"ምን እያደረግሽ ነው?"
"ዝም ይበሉ" አለች፣ ቀና ሳትል። "ገለባ ገብቶበት ነው።"
በምርኩዜ ተደግፌ ጎንበስ አልሁ። "በወዲያኛውም በኩል አለበት" አልኋት።