ጥላሸት የበሉ በሬዎች

ኅዳር 19 ቀን 1977
የጭድ ክምሩን ዞሬ አየሁት። ከእኔ ቁመት ያጠረ ክምር... እኔስ መቼ ረጅም ሆኜ? የእኔ ቦራና የጎረቤቴ የአድማሴ ዳልቻ መቀናጆ ናቸው። ሁለታችንም ያለን አንድ አንድ በሬ ነው። አንዱ ከሞተ ሁለቱም ቤት አያርስም። በልግ እስኪዘንብ ማቆየት ነው። በምን?
አንድ ሳምንት እኔ ዘንድ፣ አንድ ሳምንት እሱ ዘንድ እንዲታሰሩ ተስማማን። ቦራ ከአንተ ጋር ውሎ ስንፍና እንዳይለምድ አልኩት። ጥርስ የለው፣ ግን ሳቀ።

ታኅሣሥ 8
የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ለሰፈራ ሊመዘግበን መጣ። ቦራን አስቀድመው፣ ከእኔ ይልቅ ወጣት ነው አልኩት። ማንም አልሳቀም። አድማሴ ብቻ፣ "በሬዎቹን ለማን ትተን?" አለ። ሊቀ መንበሩ መዝገቡን አጥፎ ሄደ... እሱም በሬ አለው።

ታኅሣሥ 30
በሬዎቹ ከአድማሴ ቤት ተመለሱ። አፋቸው ጥቁር። በጣቴ ነካሁት፤ ጥላሸት። ምድጃህን ነው ያበላሃቸው? አልኩት። በሬህን ጠይቀው አለኝ። አድማሴን ያስለዋል።
ሆዳቸው ግን ሞልቷል።

ጥር 2
ውርጭ። የክትክታ ቅጠል ቆርጬ አቀረብኩ። ቦራ አሸተተና ፊቱን አዞረ፤ ከሰርግ ቤት ጠግቦ እንደመጣ።

ጥር 5
አድማሴ ታመመ ሲሉኝ ሄድኩ። ተቀምጬ ቀና ብል ሰማይ! በጓዳው በኩል ወራጁ ብቻ ቀርቷል። የጣሪያውን ሣር እያወረደ፣ ጥላሸቱን እያራገፈ፣ የጨው ውኃ እየረጨ ለሁለቱም እኩል አብልቷል። ሚስቱ ይማርሽ ቀስ ብላ፣ "አያ ደባሱ፣ እንዳልነግርዎ አስምሎኝ ነው፤ ይስቅብኛል ብሎ" አለችኝ።
መሳቅ አቃተኝ።
"ኮከብ ልትቆጥር ነው?" አልኩት።
ከቁርበቱ ላይ ሆኖ፣ "የአንተም ጣሪያ አርጅቷል። ተራው የሱ ነው" አለኝ።

ጥር 6
ጣሪያዬ ላይ ወጣሁ። የልጅ ልጄ ባንችይርጋ ከታች፣ አበዱ እንዴ አባየ? አለችኝ። የቦራ ምሳ ደርሷል አልኳት። ጥላሸቱ ዓይኔ ገባ። እሱ ይሆናል ያስለቀሰኝ...

ጥር 29
አድማሴ አረፈ። ብርዱ ነው። ገነተ ማርያም ቀበርነው።

የካቲት 20
ዳልቻ መነሳት አቃተው። እኔ ጅራቱን፣ ባንችይርጋ ቀንዱን ይዘን ታገልን። ጌታውን ስሰድብበት በኖርኩት ስድብ ሰደብኩት። ተነሳ።

መጋቢት 7
ዘነበ። ቤቴም ውስጥ ዘነበ። ባንችይርጋ ያለንን ዕቃ ሁሉ ደቀነች።
ይማርሽ ተርባ ያልነካችውን የዘር ገብስ ተሸክማ መጣች። ዓምና የጀመርነው ከእኛ ማሳ ነው፣ ዘንድሮ ተራው የእርስዎ ነው አለች። ልክ ናት። ቦራና ዳልቻን ግን ወደ አድማሴ ማሳ ነዳሁ።
የመጀመሪያው ትልሜ ተጣመመ። በየዓመቱ ይጣመማል፤ በየዓመቱም አድማሴ እባብ ነው የሄደበት ይለኝ ነበር። ከትልሙ ጫፍ ደርሼ ቆምኩ። ጠበቅኩ...
በሬዎቹን አዞርኩ።